የታየች ሁለት ጣት

ወገራ ውስጥ እንቅርት ያለባትን ሴት ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ነበሩና። ታየች ጎሹን ግን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያት ነበር። የሚያያትም ለአንገቷ ሳይሆን ለእጇ ነው። ከሳንጃ ቆላ የሚወጣው ጥጥ እሷ እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ስታቀጥነው ነጠላው በቀለበት ያልፋል፤ ገምዳ ስታከረው ደግሞ በሬ ይጎትታል። ጎንደር ያሉ ሸማኔዎች ቅዳሜ ገበያ ላይ የእሷን ልቃቂት ሳይፈቱ ነበር የሚወስዱት። «የታየች ነው» ከተባለ በቃ፣ ውስጡ ቋጠሮ የለም ማለት ነው።

ይህች ሴት በሠላሳ ዓመቷ ዛር አለባት ተብላ በሰንሰለት ልትታሰር ነበር። ነገሩን የምናነሣው እንድናዝንላት አይደለም፤ ሐዘኔታ አትወድም ነበር። አንድ መንደር ሙሉ ሰው፣ አንድ ደብተራና አንድ የመንግሥት ድሬሰር ያላዩትን፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት በገዛ እጇ ፈልጋ አግኝታዋለች። እኛ ደግሞ ዛሬም መፈለግ የተማረ ሰው ሥራ ብቻ ይመስል አፋችንን ከፍተን እንቀመጣለን።

ማዞሩ የጀመራት ጣልያን ጎንደርን ከለቀቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስንት ዓመት ተስላ ያገኘቻትን አምሳልን አርግዛ ሳለች እንቅርቷ አደገ፤ ከወለደች በኋላም አልጎደለም። አንድ ቀን በዝናብ ከወንዝ እንስራዋን አዝላ ስትወጣ፣ ከኋላዋ ማን እንደጠራት ለማየት ዞር አለች። ምድሩ አብሯት ዞረ። ዓይኗ ላይ ጥቁር ጋቢ እንደተጣለባት ጨለመና ወደቀች። እንስራው ተሰበረ። እሷ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሰማዩ እስኪቆም ጠበቀች።

ከዚያ ወዲያ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንድ ሳምንት ሦስቴ፣ አንዳንድ ወር ጭራሽ የለም።

ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም! ባለቤቷ ፋንታሁን «ጾሙ ነው፤ እያጠቡ እንዲህ አይጾምም» አለ። ጎረቤቷ እናኑ «ዓይን ነው። በፈትልሽ የቀናች አንዲት አለች፤ ስሟን አልጠራም፤ ቤቷ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው» አለች። ሌላው ኮሶ ነው፣ ሌላው ብርድ ነው አለ። አንድም ሰው ግን «መቼ መቼ?» ብሎ አልጠየቃትም።

ታላቅ ወንድሟ በላቸው እንደ ሌላው አውርቶ የሚተው ሰው አልነበረም። አባታቸው በጣልያን ጊዜ ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ ሄዶ አንድ ደብተራ ዘንድ ደረሰ፤ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ይዞ ተመለሰ። ከክታቡ ጋር ትእዛዝም ነበረ። ክሩን ታየች ራሷ ትፍተለው፤ ከተበጠሰ መንፈሱ ይወጣበታልና አጥብቃ ታክረው። ክታቡ እንቅርቱ ላይ ተጣብቆ ይታሰር፤ ከላላ አይሠራም። ደግሞም ማንም እንዳይፈታው ከማተቧ ጋር ይቋጠር።

የመጨረሻዋን ትእዛዝ ልብ በሉልኝ። ክታብን የሚጠላ ቄስም ሆነ ሐኪም ማተብ አይነካም። ሰውዬው ሥራውን ያውቅ ነበር።

ታየች ፈተለች። በሕይወቷ ከፈተለችው ሁሉ ጠንካራውን ክር ለገዛ አንገቷ ፈተለች። ማዞሩ ሲብስ በላቸው ሁለተኛ ክታብ አመጣ። ከዚያ ሦስተኛ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ክታብ እንቅርቷን ከበበው፤ አራቱም ከማተቡ ጋር አንድ ላይ ተቋጠሩ።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት ወንድሟና ባሏ ጠበል ወሰዷት። ዝናብ እየዘነበ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተጠመቀች በኋላ አንገቷን ቀና ስታደርግ ወደቀች።

«ጮኸ! ዛሩ ጮኸ!» አለ ሰው ሁሉ።

እሷ አልጮኸችም። ትንፋሽ አጥሯት አፏን ከፈተች እንጂ። የከፈተችውን አፍ ጩኸት አደረጉት።

በላቸው በዚያው ቀን ቆረጠ። ከአዲ አርቃይ በታች ገደል ውስጥ ዋሻ ያለው ጠበል አለ፤ ዛር ያለበት ሰው እዚያ ይታሰራል፣ ዛሩ ስሙን ተናግሮ እስኪወጣም ጧት ማታ ይጠመቃል።

«አሁን ክረምት ነው፤ ወንዙ አያሻግርም። ቀጥሎ አጨዳ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ እንሄዳለን» አላት።

«አምሳልስ? ገና ጡት አልጣለችም እኮ!»

«ባለቤቴ ትይዛታለች። እስኪለቅሽ ድረስ ነው።»

«ካልለቀቀኝስ፣ አያ በላቸው?»

«ይለቅሻል።»

ፋንታሁን መሬት መሬቱን አየ። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ማለት የሚቀልለው ሰው ነበር። ከዚህ አገር መከራ ግማሹን ያመጡት እንዲህ ያሉ ክፉ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

ታየች ግን አላለቀሰችም። «እንግዲያው እስከ ጥምቀት ጊዜው የኔ ነው» አለች። በሳምንቱ ልቃቂቷን በአገልግል፣ ልጇን በጀርባዋ አድርጋ ወደ ጎንደር ወረደች። ፈትሏን ሸጠችና ሰኞ ማልዳ ሐኪም ቤት በር ላይ ተሰለፈች። ተራዋ የደረሰው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። ድሬሰሩ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ይጽፋል።

«ቀጥይ! ምንሽን ነው?»

«ያዞረኛል፣ ጌታዬ።»

አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እንቅርት ነው።»

«እንቅርቱማ ካገሬ ሴት ሁሉ ጋር ነው። እነሱን ምነው አያዞራቸው?»

ድሬሰሩ ብዕሩን አቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አልለመደም። «አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ማተቤና ክታቤ።»

«ይሁንልሽ። እኔ ማተብ ያለበት አንገት አልነካም። አንዱን ፍታ ብዬ ዘመዶቹ ዱላ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።» ትንሽ ጠርሙስ መድኃኒት ገፋላት። «ለመሆኑ መቼ መቼ ነው የሚያዞርሽ?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ የሚባል ቀን የለም። ሂጂና ቁጠሪ። የቆጠርሽውን ይዘሽ ነይ። ቀጥይ!»

ሰውዬው ማለት ያለበትን አለ፤ ማድረግ ያለበትን አላደረገም። በጣቱና በአንገቷ መካከል አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ብድግ ብሎ ቢዞር ነገሩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር። አልተነሣም።

ታየች ግን ቃሉን ይዛ ተመለሰች። መጻፍ አታውቅም፤ መፍተል ታውቃለች። አንድ ረጅም ነጭ ክር ፈትላ ምሰሶው ላይ አሰረች። ቀኑ በመሸ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ የዞረባት ቀን ከሆነ ቋጠሮው ውስጥ ቀይ ክር ታስገባለች። ቀዩን የመዘዘችው ከሠርግ ቀሚሷ ጥለት ነው።

እናኑ እሳት ልትጭር መጥታ ክሩን አየችው። «አንቺ፣ ለዛርሽ መቁጠሪያ ነው የምትሠሪለት?»

«አዎ። ሥራ ከሚፈታ ይጸልይበት።»

«ወይ ጉድ! ጥለቱን ከሠርግ ቀሚስሽ?»

«ሠርጉማ አልፏል፤ ቀሪውን ዕድሜዬን ነው የምፈልገው።»

ሐምሌና ነሐሴ ክሩ በቀይ ተጠቀጠቀ። ፋንታሁን ነሐሴ ላይ «ይኸው፣ የፍልሰታ ጾም!» አለ። እሷ ቋጠሮዋን ቀጠለች። መስከረም ገባ፣ ወተት ተጠጣ፣ ዝናቡም እንደቀጠለ ነበር፤ ቀዩም አልቀረ። ዝናቡ ከመስቀል በኋላ ሲያባራ ግን ክሩ ነጣ። ጥቅምት ሙሉ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ኮሶ የጠጣችበት ቀን እንኳ ሆዷን ገለባበጠው እንጂ ራሷን አልነካትም። በኅዳር ሚካኤል ጠበል ወሰዷት፤ ቀይ። በሦስተኛው ቀን የነቢያት ጾም ገባ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ ወንዝ ወርዳ ልብስ ካጠበችባቸው ሁለት ቀኖች በቀር።

በጣቷ እየዳሰሰች አነበበችው። ጾም አይደለም። ኮሶ አይደለም። ዓይንም ከሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው ሴት ዓይን በዝናብ ቀን ብቻ አይሠራም። ውኃ ነው!

ለእናኑ ነገረቻት። እናኑ ደረቷን መታች። «አላልኩሽም? የውኃ ዛር ነዋ!»

ታየች ቀዝቀዝ አለች። ግማሽ ዓመት ቆጥራ፣ የገዛ ቆጠራዋ ለወንድሟ መሰከረለት። ጠበል ሲነካው የሚነሣ፣ ዝናብ ሲያይ የሚቀሰቀስ፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሦስት ቀን እንዝርት አልነካችም። አምሳልን አቅፋ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ክታቦቹን እየጎተተች ትጫወታለች፣ እሷ ጥምቀት ስንት ቀን እንደቀረው ትቆጥራለች።

በአራተኛው ቀን ሥራ አስነሣት። ሰው ቢጾምም ላም አትጾምም፤ የተጠራቀመው ወተት መናጥ አለበት። መናጫ ቅሉን ሞላች፣ አፉን በቆዳ ሸፍና በክሯ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፣ ስትገፋው አረፈደች። ቅቤው ሲወጣ ልትፈታው ብትሞክር ክሩ አልፈታ አላት። የሾለከው አሬራ አርሶታል። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ያዘችው፣ በመጨረሻ በእንዝርቷ ጫፍ ወግታ ፈታችው።

«ምነው ደርቀህ የማትከርረውን ረጥበህ ትከርራለህ?» አለችው።

ይህን ቃል በናጠች ቁጥር ትለው ነበር። እናቷም ትለው ነበር። ወገራ ውስጥ የተገመደ ክር ሲረጥብ እንደሚያጥርና እንደሚጠብቅ የማያውቅ የሴት እጅ የለም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅሉ ላይ ብቻ።

የታየች እጅ ቅሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አንገቷ ወጣ።

ጣቷን ከክሮቹ ሥር ልታስገባ ሞከረች። ደርቀው እንኳ አንዲት ጣት በግድ ነው የገባችው። ልጇን አጎዛ ላይ አስቀመጠች፤ ብትወድቅ እንዳትጫናት ራቅ አደረገቻት። ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች። ክሮቹን በውኃ አራሰችና ቅቤውን ስታጥብ፣ ስታሽ ቆየች። ደግማ ጣቷን ሞከረች። አልገባም። አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረች።

ጥቁሩ ጋቢ ወረደ።

ዓይኗ ሲበራ አምሳል ቅቤ በፊቷ ሙሉ ለቅልቃ ትስቃለች። ታየችም ሳቀች። መጀመሪያ ያነቃት እንቅርቱ ሳያድግ የታሰረው ማተብ፣ ኋላም ክታቦቹ ኖረዋል። አገኘችው! አገኘችው፣ ግን ለማን ትናገር? ክታቡን ብትበጥስ ማተቡ አብሮ ይበጠሳል። ማተቧን የበጠሰች ሴት ደግሞ ካደች ተብላ ጥምቀትን እንኳ ሳይጠብቁ ያስሯታል። ስለዚህ አልቸኮለችም። ባዘቶ አወጣች፣ ፈተለች፣ ጥቁር አስነከረች፣ ጠበቀች።

ከገና በኋላ ባለው እሑድ በላቸው የንስሐ አባቷን መምሬ ወልደኢየሱስን ይዞ የመንገዱን ነገር ሊነጋገር መጣ። መምሬ ሸምግለዋል፤ ሲያመሹም ሲያረፍዱም ቀልድ አያጡም። እናኑም ጉድ አያምልጣት፣ በሩ ላይ ተለጥፋለች። ታየች ከመካከላቸው ቅሉን አስቀመጠች። አንገቱ ላይ ክር አስራበታለች።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ? ዛርሽን እዚህ ውስጥ ከተትሽው?»

«አባቴ፣ ጣትዎን ከክሩ ሥር ያስገቡልኝ።»

መምሬ ወንድምየውን አዩ፣ ቅሉን አዩ፣ አስገቡ። «ገባ።»

«ስንት?»

«ሁለት ጣት ይዟል።»

ታየች በጣሳ ውኃ ክሩ ላይ አፈሰሰችበት። በላቸው ተቆጣ። «አንቺ፣ እኛ መንገድ ልንመክር እንጂ ቅል ስታጥቢ ልናይ አልመጣንም!»

«ጥቂት ታገሠኝ አያ በላቸው። አንተን ስታገሥ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ጠላ ቀዳችላቸው። ጠጡ። ክሩ ውኃውን ጠጣ።

«አሁን ያስገቡ፣ አባቴ።»

መምሬ ሞከሩ። ጣታቸውን አዙረው ሞከሩ። «እምቢ አለ።»

«አንዷን ብቻ?»

«አንዷም አትገባ።»

ታየች ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ዞር ያለችው በአንገቷ ሳይሆን በመላ ሰውነቷ ነው፤ እንዲያ መዞር ከለመደች ቆይታለች። «አያ በላቸው፣ ቅሉም ዛር አለበት?»

በሩ ላይ እናኑ በሳቅ ፈነዳች። በላቸው ግን አልገባውም። የገባቸው መምሬ ናቸው፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ነይ ወዲህ» አሉና ያችኑ ጣት ወደ አንገቷ ሰደዱ። ከክሩ ሥር መግቢያ አጡ። ክሩ የተኛበትን ቦታ ብርሃን ላይ ሲያዩት ሥጋው እንደ ማረሻ ፈር ጎድጉዷል።

«ይኸን ከማተብ ጋር የቋጠረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ደብተራው... እንዳይፈታ ብሎ...»

«ይህችን ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ንስሐ ሰማኋት!» አሉ መምሬ። «ለካ ጆሮዬን ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት።»

በላቸው ተንተባተበ። «ታዲያ ማተብ ይበጠሳል እንዴ?»

ታየች ከጉያዋ አዲሱን ጥቁር ክር አወጣች። «ማተቤን አልክድም። አዲሱን አስቀድሜ አስራለሁ፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ ይወርዳል። ያለ ማተብ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልቆምም።»

መምሬ ጸለዩበት፤ ውኃ ነስንሰው አርሰው አዩት፤ ሁለት ጣታቸውን ከሥሩ አድርገው አሰሩላት። ከዚያ ምላጩን ለበላቸው ሰጡት። «ያሰረው ይፍታው።»

በላቸው ምላጩን እንደ ካራ ጨብጦ ቀረባት።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው። «በግ አይደለሁም።»

አራቱ ክሮችና አሮጌው ማተብ እያንዳንዳቸው ሲበጠሱ የክራር አውታር እንደመሰለ ድምፅ ሰጡ። ታየች አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ወደ ግራ አዞረች፤ ጣራውን አየች። በላቸው ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

«በል ተነሥ» አለችው። «ያሰርከው አንተ ነህ፤ እንዳይበጠስ አድርጌ የፈተልሁት ግን እኔ ነኝ።»

እሱም ቢሆን ግን ሰው ነው፤ የሁለት ዓመት ፍርሃት በአንድ ቅል አይወጣለትም። ሲሄድ በሩ ላይ ቆመ። «ጥምቀት ላይ ውኃ ሲረጭብሽ ካልወደቅሽ ይቀራል። ከወደቅሽ ግን...»

«ከወደቅሁ አዲ አርቃይ ድረስ ፊት ፊት እየሄድሁ እመራሃለሁ።»

የጥምቀት ዕለት አምሳልን አዝላ ከወንዙ ዳር ከሁሉም ፊት ቆመች። በላቸው ከኋላዋ ቆሞ ሁለት እጁን እንደ ዘረጋ ነበር። ውኃው ተረጨ። ፀጉሯን አራሰው፣ በእንቅርቷ ላይ ወርዶ አዲሱን ማተብ አለፈ፣ ደረቷ ውስጥ ገባ። ሰው እልል ይላል፣ በላቸው ትንፋሹን ውጧል። እሷ የረጠበው ክር እስኪጠጣ ጠበቀች፤ ሥራዋን ታውቃለችና። ከዚያ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ አንገቷን ብቻ እስከ መጨረሻው አዞረች።

«ምነው አያ በላቸው፣ እጅህን የዘረጋህልኝ? ልታዝለኝ ነው?»

በዙሪያዋ ያለው ሰው ሳቀ። በላቸው እጁን ሰበሰበ፤ ከዚያ መልሶ ዘረጋና ልጅቷን ከጀርባዋ ተቀበላት።

በየካቲት ጎንደር ወርዳ እዚያው ሰልፍ ቆመች። ድሬሰሩ ሳያያት «ቀጥይ!» ሲል ባለቀይ ቋጠሮውን ክርና የተበጠሱትን አራት ክሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት።

«ቆጥሬ መጣሁ።»

ከሐምሌ ጀምራ በጣቷ እያሳየች አነበበችለት። ስትጨርስ ሰውዬው ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሣ ራሱም አላወቀም። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እንቅርቷን በእጁ ዳሰሰው። «ይኸኛው አይጠፋም» አላት በዝግታ። «አንዳንዴም ልብሽን ያፈጥነዋል፤ መድኃኒቱን አትተዪ።»

«እሱስ ይኑር፤ ተላምደናል። እኔ የፈለግሁት የሌላውን ወንጀል በእሱ ላይ እንዳትቆጥሩ ነው።»

እንቅርቷ እስከ ዕለተ ሞቷ አብሯት ነበር። እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ ፈትላለች። በዚያ መንደር ለሕፃን ማተብ ሲታሰር፣ ወይም አንገቱ ያበጠ ሰው ክታብ ሲያስር፣ ሁለት ጣት ከክሩ ሥር ይደረጋል፤ አርሰውም ይሞክሩታል። «የታየችን አድርግበት» ይባላል። ከተራራው ማዶ ያሉት መንደሮች ግን ይህን አልሰሙም። ቢሰሙም «አንዲት ፈታይ ምን ታውቃለች» ብለዋል። ዛሬም እዚያ የሚወድቅ አለ፤ ሲወድቅ አፉን ይከፍታል፣ ቆመው የሚያዩትም «ጮኸ!» ይላሉ።